በጓዳችን የሚቆጠበውና የማይቆጠበው



የኑሮ ውድነት ባየለበት በአሁኑ ጊዜ ጓዳ ገብታ ስለ ቁጠባ የማታስብ እመቤት አትገኝም። ዘይቱ በጠብታ፣ ሽንኩርቱ በራስ፣ ከሰሉም በእፍኝ እየተቆጠረ ነው የሚወጣው። ታዲያ ቁጠባ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ማገዶን፣ ጊዜንና ገንዘብን በእርግጥ የሚያተርፍ ሲሆን ሁለተኛው ግን ለጊዜው ያተረፈ መስሎ ኋላ ከቤተሰብ ጤንነት ላይ የሚቀንስ ነው። በተለይ ሁለተኛው ዓይነት የሚፈጸመው በስንፍና ሳይሆን በትጋት፣ ይኸውም «አይባክን» ከሚል ቅን አሳብ ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል። በዛሬው ዓምዳችን ሁለቱን ጎን ለጎን እያነሣን፣ የሚቆጠበውን እንዴት እንደሚቆጥቡ፣ የማይቆጠበውንም ለምን እንደማይቆጥቡ እንነግርዎታለን።

በመጀመሪያ ስለ ጥራጥሬ እናንሣ። በጾሙም ሆነ በፍስኩ ወራት ከቤታችን የማይታጣ፣ ማገዶ በመፍጀት ግን ተወዳዳሪ የሌለው እርሱ ነውና። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ ተዛውረው አዲስ አበባ የገቡ እመቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ቅሬታ አለ። እዚያ ቶሎ ይበስልላቸው የነበረው ሽንብራ እዚህ ሲደርስ ረጅም ሰዓት ተጥዶ እንኳ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። አንዳንዶቹ ጥፋቱን በነጋዴው፣ ሌሎቹም በቧንቧው ውኃ ያሳብባሉ። ዋናው ምክንያት ግን የአገሩ ከፍታ ነው።

ውኃ በባሕር ጠረፍ አካባቢ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ነው። ወደ ደጋ እየወጣን በሄድን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳና ውኃውን ከላይ የሚጫነው ኃይል ስለሚቀንስ፣ ውኃው ብዙ ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። ቅናሹም በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለሆነም 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ውኃ በ96 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ነው። በደብረ ብርሃን ደግሞ ከ91 አይበልጥም። ጥቂት ዲግሪ ምን ለውጥ ያመጣል ይሉ ይሆናል፤ ለሽንብራና ለባቄላ ግን ብዙ ለውጥ አለው። የደጋ እመቤት ድስቷ እየተንፈቀፈቀ ጥራጥሬው የሚዘገይባት ባልትና ጎድሏት አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ውኃ አንዴ መፍላት ከጀመረ በኋላ እሳቱን የቱንም ያህል ብናቀጣጥለው ሙቀቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። የሚጨምረው በእንፋሎት መልክ ወጥቶ የሚጠፋው ውኃ ብቻ ነው። ብዙ ቤት ግን «ቶሎ ይብሰል» በማለት ድስቱ ከፈላ በኋላም ከሰል ይጨመርበታል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃውም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይተዋል። ይህ በቀጥታ ገንዘብን ማትነን ነው። ድስቱ እስኪፈላ ድረስ ጠንካራ እሳት ይስጡት፤ ከፈላ በኋላ ግን ውኃው ዝግ ብሎ መንተክተኩን እንዳያቋርጥ የሚያደርግ ትንሽ እሳት ይበቃዋል። ክዳኑም የሚገጥም ይሁን። በየአምስት ደቂቃው ክዳን እየከፈቱ «እስቲ ደረሰ?» ማለት ሙቀቱን ማስወጣት ስለሆነ ድስቱን ለራሱ ይተዉት። ጎረቤት መጥታ ከፍታ ብታይ ግን ምን ይደረጋል! ዝም ብሎ መክደን ነው።

ዋናው ቁጠባ የሚጀምረው ግን እሳቱ ከመለኮሱ በፊት፣ ከማታው ነው። ሽንብራ፣ ባቄላ፣ አተርና ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በብዙ ውኃ ተዘፍዝፈው ቢያድሩ የማብሰያው ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል። ምስር ቆዳው ስስ ስለሆነ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ክኩማ ጨርሶ አይፈልግም። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ጠዋት ይድፉትና በአዲስ ውኃ ይጣዱት። ሆድ የሚነፋው ነገር ከፊሉ ከዚያ ውኃ ጋር ይሄዳል።

ተዘፍዝፎ አድሮም አልበስል የሚል ጥራጥሬ ያጋጥማል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ፣ በሙቀትና በእርጥበት ቦታ ብዙ ወራት የተከማቸ ነው። እንዲህ ያለው ከውስጡ ስለሚጠነክር ለንፍሮ ከመታገል ይልቅ ቆልቶ ማስፈጨቱ ይሻላል። ሌላው ምክንያት ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ መግባቱ ነው። ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬውን ቆዳ ያጠነክራልና እህሉ ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ይጨምሩት። አንዳንድ እኅቶች ለማለስለስ ቢካርቦኔት ጣል ያደርጋሉ። በእርግጥ ያለሰልሳል፤ ዳሩ ግን በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ቢ1 የተባለውን ቫይታሚን ያጠፋል፤ ጣዕሙንም ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል። እኛ አንመክረውም።

አቅሙ ላለው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት፣ በተለምዶ ፕሬዠር የሚባለው፣ ለደጋ ነዋሪ ከሁሉ የተሻለ ዕቃ ነው። እንፋሎቱን አምቆ ስለሚይዝ በአዲስ አበባም ቢሆን የውስጡ ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የክዳኑ ጎማ የተበጣጠሰና የእንፋሎት ማስወጫው የተደፈነ እንዳይሆን ሁልጊዜ ይመልከቱ፤ እንፋሎቱ ሳይወጣም ክዳኑን በጉልበት አይክፈቱ። ፕሬዠር የሌለው ደግሞ ያለ አንዳች ወጪ ጋቢ አለው። የድፍን ምስር ወይም የቅንጬ ድስት አፍልተው ለ15 ደቂቃ ያህል ካበሰሉት በኋላ ከእሳት አውርደው፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥብቀው ቢጠቀልሉትና ገለባ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ቢያስቀምጡት በራሱ ሙቀት እየበሰለ ይቆያል። ሥራ ውለው ለሚገቡ እናቶች ይህ ዘዴ ጥሩ ነው ባይባልም፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ እየሠሩ ምሳ ለማድረስ ግን ያገለግላል። ሙሉ ቀን ተጠቅልሎ የዋለ ምግብ ለብ ብሎ ስለሚቆይ ሊበላሽ ይችላል፤ ከሦስት ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ ከመብላትዎም በፊት እንደገና ያፍሉት።

አሁን ደግሞ ስለ ማይቆጠበው። ከላይ የተናገርነው የትንሽ እሳትና የጋቢ ዘዴ ለቦሎቄ፣ በተለይም ለቀዩ ቦሎቄ፣ አይሠራም። ጥሬ ቦሎቄ በተፈጥሮው መርዝነት ያለው ነገር ይዟል። ይህ ነገር የሚጠፋው በኃይል ሲፈላ እንጂ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሲቆይ አይደለም። እንዲያውም ሳይፈላ በዝግታ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ ሊሆን ይችላል። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ጥቂት ፍሬ የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ቦሎቄ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ ውኃው ይደፋ፤ በአዲስ ውኃ ተጥዶ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በኃይል ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ ሊቀነስ ይችላል። በዚህ ግማሽ ሰዓት ማገዶ አይቆጥቡ።

የጓያ ነገር

ስለ ጥራጥሬ ተነሥቶ ጓያን ማለፍ አይቻልም። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ውኃ በተኛበት ማሳም የሚበቅል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚገኝ ስለሆነ የችግር ቀን ባለውለታ ነው። ዋጋውም ከሽንብራና ከአተር ይልቅ ስለሚረክስ ለሽሮ ተብሎ ይገዛል፤ ተፈጭቶ በሚሸጥ ሽሮ ውስጥም ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ጓያ ለብዙ ሳምንታት ወይም ወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነርቭን የሚጎዳው መርዙ እግርን ያሽመደምዳል። የተያዘው ሰው ጉልበቱ ይተሳሰራል፤ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያጠላለፈ ይሄዳል፤ ከዚያም በምርኩዝ፣ ብሶበትም በዳዴ ይቀራል። በሽታው አይተላለፍም፤ አይገድልም፤ ግን አንዴ ከመጣ መድኃኒት የለውም። ይበልጥ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው።

ይህ ተረት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በጎንደር በደምቢያና በፎገራ አካባቢ፣ ከዚያም በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ወሎ በደላንታ፣ ከእህል ጥፋት ቀጥሎ ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተሽመድምደዋል። በደላንታ በተደረገው ጥናት የተገኘው ውጤት በቀጥታ ጓዳን የሚመለከት ስለሆነ በጥሞና ይነበብ። አደጋው የበረታው የጓያ እሸት፣ የጓያ ቆሎና የጓያ ንፍሮ በብዛት በተበላበት ቤት ነበር። ጓያው እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ ቅመሞች በገቡበት ወጥ ሲበላና ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ አደጋው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የእናቶቻችን ባልትና ለጣዕም ብቻ የተሠራ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መርዙ በውኃ የሚሟሟ ነው። ስለሆነም ጓያ ከመጠቀም የማያመልጥ ቤተሰብ ቢኖር፣ እህሉን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ውኃውን መድፋት፣ በድጋሚ አጥቦ ቅርፊቱን መግፈፍ፣ ከዚያ አድርቆ መቁላትና ማስፈጨት ይገባዋል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ለወጥ ማዋል ወይም «አይባክን» ብሎ ለሊጥ መጠቀም በፍጹም አይገባም። ይህም ሁሉ ሆኖ መርዙ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ ጓያው ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከሽንብራ ጋር ይደባለቅ፤ ብዙውን እጅ ሌላው እህል ይያዝ፤ ዕለት ዕለትም አይበላ። ሽሮ የሚገዙ እመቤቶች ከቻሉ እህሉን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ለቅመው ቢያስፈጩ የሚበሉትን ያውቃሉ። ጓያ በፍሬው ይለያል፤ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ እንደ ጠጠር የተጠረበ የሚመስል ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን ማን ይለየዋል?

ከወጡ እስከ መሶቡ

የወጥ ነገር ሲነሣ ሁሉም በየቤቱ ዐዋቂ ስለሆነ ብዙ አንናገርም። ዘይት ለመቆጠብ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ የቆየው ዘዴ ነው። በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግተኛ እሳትና በተከደነ ድስት ይቁላላ። ሽንኩርት ከውስጡ በሚወጣው ውኃ ራሱን ያበስላል፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ የምትደረገው ውኃም ሙቅ ትሁን እንጂ ቀዝቃዛ አትሁን። ቀዝቃዛ ውኃ ድስቱን ባቀዘቀዘ ቁጥር እንደገና ለማሞቅ ማገዶ ያስፈልጋል። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከቀላ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ትንሹ ይበቃል። ሽንኩርቱ ከመጀመሪያው በዘይት ውስጥ ከገባ ግን ዘይቱን መጥጦ «ጨምሪ» ይላል።

በርበሬ ቶሎ ያራል። ያረረ በርበሬ ደግሞ መራራ ስለሆነ ምንም ቢጨመርበት አይድንም፤ በእሱ ላይ ቅቤ መጨመር ቅቤውን አብሮ መጣል ነው። ስለዚህ በርበሬው ሲገባ እሳቱ ይቀነስ፤ ሙቅ ውኃ እየተንጠባጠበ ይማሰል። መከለሻና ኮረሪማ መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል ይግቡ፤ መዓዛቸው ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚበር ቀድመው የገቡ እንደሆነ ጎረቤት ያሸታቸዋል እንጂ ቤተሰብ አይቀምሳቸውም። ዓይን የሚያቃጥለውን የሽንኩርት ነገር በተመለከተ ቢላዋው የሰላ ይሁን፤ ሥሩ ያለበት ጫፍ መጨረሻ ላይ ይቆረጥ፤ ሌላ ምትሐት የለውም።

ጎመን ከተከተፈ በኋላ አይታጠብም። ከመከተፉ በፊት ቅጠል በቅጠል ይታጠብ፤ ቫይታሚኑ ከተከተፈው ጫፍ ከውኃው ጋር ይፈስሳልና። ተቀቅሎ ውኃው የሚደፋ ጎመንም እንዲሁ ነው። በትንሽ ውኃ ተከድኖ ይብሰል፤ የተረፈው ውኃ ከራሱ ጋር ይዋጥ። በጎመንና በምስር ወጥ ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ወይም ቃሪያ አብሮ ቢቀርብ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከማዕድ ላይ የሚጠጣ ሻይና ቡና ያንን ብረት ያስቀራል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው። ቡና ተዉ አላልንም፤ ዘግይታችሁ አፍሉ ነው።

ጨው ትንሽ ነገር መስሎ ብዙዎችን ያስታል። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ተወስኗል። አዮዲን ያጣ ሰውነት እንቅርት ያወጣል፤ ይህ የሚታየው ነው። የማይታየውና የባሰው ግን በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን አዮዲን ሲጎድለው አእምሮው የሚጎዳ መሆኑ ነው። አዮዲን ደግሞ ከጨው ላይ በቀላሉ ይጠፋል። ፀሐይ፣ እርጥበትና የእሳት ሙቀት ያባርሩታል። ስለዚህ ጨውን ከምድጃው አጠገብ በተከፈተ ቆርቆሮ ማስቀመጥ፣ ወይም ዋጋው ረከሰ ብሎ አዮዲን የሌለውን ያልታሸገ ጨው መግዛት ከማይቆጠበው ነገር ላይ መቆጠብ ነው። ጨውዎን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርገው፣ ጨለም ባለ ቦታ ያስቀምጡ። በፍጹም አይጠቡት። ወጥ ውስጥም ሊወርድ ሲል ይጨምሩት።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ኃይል ይስባል። ይህም ባለ 60 ዋት አምፖሎች 50 ያህል በአንድ ጊዜ ከማብራት አይተናነስም። ምጣዱን መጀመሪያ ለማሞቅ የሚጠፋው ኃይል ብዙ ስለሆነ ለአምስት እንጀራ በየቀኑ ከማሰብ ለሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ መጋገር ይመረጣል። ሊጡ ተበጥብጦ፣ አብሲቱ ገብቶ፣ አሰሻውም ቀርቦ ሳይሰናዳ ምጣዱ አይለኮስ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራ ከመሰፋታቸው በፊት ኤሌክትሪኩ ሊጠፋ ይችላል፤ በምጣዱ ሙቀት ይበስላሉ። ከዚያም የቀረው ሙቀት ለቆሎ ማሟሻ፣ ለበርበሬ ማድረቂያ ወይም ለቂጣ ይሁን። በእንጨት የሚጋግሩ ደግሞ ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል እንደሚቆጥብ፣ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የብረት ምድጃ ይልቅ ወደ ሩብ የሚጠጋ ከሰል እንደሚያተርፍ ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

እንጀራ ቶሎ የሚሻግተው ብዙ ጊዜ ሳይቀዘቅዝ ስለሚደራረብ ነው። ትኩሱ የሚያወጣው ላብ ከታች ላለው እርጥበት ይሆነዋል፤ ሻጋታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይደራረብ። መሶቡም ሆነ ሌላው ማስቀመጫ በየጊዜው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በአሮጌው ላይ አዲሱን መደረብ ሻጋታውን ማውረስ ነው።

ከሻገተስ? እዚህ ላይ እናቶች ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን፤ ነገር ግን መጣል ነው። ሻጋታውን ቆርጦ የቀረውን መብላት፣ ወይም የሻገተውን አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ብዙ ቤት ይደረጋል። ሻጋታ ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች፣ በተለይ በለውዝ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ የሚወጡት፣ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣሉ። ይህ መርዝ በመቁላትም ሆነ በማብሰል አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሰውነት ሲገባም የጉበት ካንሰር ያመጣል። የሻገተ በርበሬ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሲፈጭ ቀለሙ ይመለስ ይሆናል፤ መርዙ ግን እዚያው ነው። ድርቆሽ ግሩም ቁጠባ ነው፤ ከንጹሕ እንጀራ፣ ገና በሁለተኛው ቀን፣ በጠራ ፀሐይ ሲደርቅ።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። ወተት ምንም ከታመነች ጎረቤት ላም ቢመጣ ሳይፈላ አይጠጣ፤ ማገዶ ለመቆጠብ ተብሎ ለሕፃን በጥሬው የሚሰጥ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። እርጎ ማድረጉም ለእነዚህ አስተማማኝ መድኃኒት አይደለም፤ ለእርጎውም ቢሆን ወተቱ ቀድሞ ይፍላና ቀዝቅዞ ይርጋ። የዕንቁላል ዕድሜ ለማወቅ በውኃ ውስጥ ይክተቱት፤ በጎኑ ከተኛ ትኩስ ነው፤ ከቆመ ቆይቷል፤ ከተንሳፈፈ ይተዉት። ድንች ከሽንኩርት ጋር በአንድ ቅርጫት አይቀመጥ፤ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ። ድንቹ ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ክፍል መራራና መርዛም ስለሆነ በወፍራሙ ተልጦ ይጣል፤ የተስፋፋ እንደሆነ ድንቹ በሙሉ ይቅር። የነጠረ ቅቤ ውስጥ እርጥብ ማንኪያ አይግባ። ለጥብሳ ጥብስ የዋለ ዘይት ከጠቆረ ወይም ገና ሳይግል መጨስ ከጀመረ አገልግሎቱ አብቅቷል።

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ጉዳይ የምግብ ሳይሆን የምድጃው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲብርድ፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ፣ ወጥ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምድጃው ላይ የቀረው ፍም «ለምን ይባክናል» ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል፤ ልጆች ይተኛሉ። ከሰል በሚነድበት ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። ደሙ አየር እንዳይሸከም እያደረገ የተኛውን ሰው በእንቅልፉ እንዳለ ይገድላል። በየክረምቱ የሚሰማው «ቤተሰቡ በሙሉ ሲነጋ ሞቶ ተገኘ» የሚለው ወሬ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ጉዳት የለውም የሚለው አነጋገር ፍጹም ስሕተት ነው። ጋዙ ከጭሱ ጋር አይሄድም፤ ቀይ ፍምም፣ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል። ጨው መበተን ወይም ሎሚ ማስቀመጥም አያድንም። ከሰል የሚነደው ውጭ፣ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማድ ቤት ብቻ ይሁን። ሕፃን አዝሎ በጭስ ውስጥ መዋልም ለሳንባ ምች ያጋልጣልና ምግብ በሚሠራበት ሰዓት ሕፃኑን አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ይያዘው። የተረፈውን ፍም ለመቆጠብ የሚፈልጉ እመቤት አየር በማያስገባ የብረት ዕቃ ከድነው፣ ዕቃውንም ደጅ አስቀምጠው ያፍኑት፤ ለነገ የሚሆን ከሰል ይተርፍዎታል። ለብርዱ ብርድ ልብስ ይደርቡ፤ የፈላ ውኃ በላስቲክ ከረጢት ወይም በጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አልጋ ውስጥ ያስገቡ።

ከሰል ባለበት ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መዛል በአንድ ጊዜ ከጀመራቸው ምክንያቱን ለማወቅ አይዘግዩ። በሩን ይክፈቱ፤ ሁሉንም ወደ ደጅ ያውጡ፤ ራሱን የሳተ ካለ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱ፤ ምድጃውን ለማውጣትም የሚመለሱት ሰዎቹ ከወጡና ቤቱ አየር ካገኘ በኋላ ይሁን።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ በርበሬ አዘገጃጀትና አቀማመጥ እናነሣለን።